አየር ልቀበል

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለዳዶ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህ፣ ወገብህ፣ ያ ከልጅነትህ ጀምሮ ሲያስነጥስህ የኖረው አፍንጫህ እንዴት ከርመዋል? እኛ እዚህ ሁላችንም ደኅና ነን። ሐዘናችንም ቀስ በቀስ ከጉሮሯችን ወደ ሆዳችን ወርዷል። እማዬ ደኅና ናት። ወንድሜ ብሎን ደኅና ነው፤ ቦርጩም ከእሱ ጋር ደኅና ነው። እኔ ቀን ትምህርት ቤት ስጮህ ውዬ ድምፄ ይዘጋል፤ ማታ እቤት ስገባ እንደገና ይከፈታል። አባዬ «ቧንቧ» ብሎ ስም ያወጣልኝ በከንቱ አልነበረም።

በስልክ ብነግርህ «እሺ፣ እሺ» ብለህ ትዘጋዋለህ፤ ስለዚህ በአባዬ ደንብ በወረቀት ይሁን ብዬ ነው። አባዬ ዕድሜውን የፈጀበት የውሃ መሥሪያ ቤት ፎቶግራፉን ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሊሰቅል ነው። በሕይወት እያለ ጡረተኛ ነው ብለው በሩ ላይ ሲፈትሹት ኖረው፣ ከሞተ አምስት ወር ሲሞላው ትዝ አላቸው። ምንም አይደል፣ ከመርሳት ይሻላል። መልእክቱን ያመጣው ወጣት ኢንጂነር «የሕይወት ታሪኩን ቤተሰቡ ይጻፍ፣ በዕለቱ ይነበባል» አለን። ብሎንም «አስተማሪዋ እያለች» ብሎ ሥራውን እኔ ላይ ጣለው።

ጀመርኩ። ተወለደ፣ ተማረ፣ ከኮረብታው ማጠራቀሚያ እስከ ከተማው ድረስ ቧንቧ ዘረጋ፣ ጡረታ ወጣ። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና «ይሄ ደግሞ የማን ሰውዬ ነው?» አለችኝ።

አንተ የአክስቴ ልጅ ብትሆንም ያደግኸው እዚሁ ነው፤ ከሁላችንም ይልቅ ከእሱ ኋላ ኋላ ስትል የኖርከውም አንተ ነህ። ሁለታችሁን ብሎንና ዳዶ ብሎ ሲሰይማችሁ «አንዱ ያላንዱ አይጠቅምም» ይል ነበር። ይኸው ዳዶው ባሕር ማዶ ከሄደ ወዲህ ብሎኑ ላልቷል። እባክህ የምታስታውሰውን ጻፍልኝ። የሚያስቅ ቢሆን ይሻላል፤ የሚያስለቅሰውን እኔ አለኝ።

ልረሳው ነበር። እማዬ ከምትተኛበት አልጋ ራስጌ ያለው ግድግዳ ከሰሞኑ ማታ ማታ ማንኳኳት ጀምሯል። ዷ፣ ዷ፣ ዷ ይልና ትንሽ ዐርፎ እንደገና ይቀጥላል። ከጀርባው የውሃ ታንከሩ የቆመበት ጓሮ ነው እንጂ ሰው የለም። አንተ ሊፍት ጠጋኝ ነህ፤ የሚንኳኳ ነገር ታውቃለህ። ምን ይመስልሃል?

እህትህ ቧንቧ

___

ጥቅምት 24 ቀን

ለማትዘጋዋ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስሽ። የእትዬን ጉልበት በእኔ ስም ሳሚልኝ። ብሎንን ደግሞ «ጠበቅ በል» በይልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ላይና ታች ሲል እኔ መሐል ላይ ተንጠልጥዬ እውላለሁ።

ያቺን የጋሼን የእንጨት ዘንግ ታስታውሻለሽ? አንዱን ጫፍ መሬት ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ከመንገድ በታች የተቀበረ ቧንቧ የሚያዳምጡባትን? በኋላ በኋላ ዘንጓም አላስፈለገቻቸውም። አንድ ቀን አለቃቸው ታመው ሊጠይቋቸው ሲሄዱ እኔንም አስከተሉኝ። አለቃው ስለ ሕመማቸው አንድ በአንድ ሲያወሩ ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በጽሞና ይሰማሉ። ሰውየው እንዲህ አድርጎ የሰማቸው ሰው ስላልነበረ ደስ ብሏቸው ከኩላሊታቸው ወደ ጨጓራቸው ተሻገሩ። በመጨረሻ ጋሼ ብድግ አሉና «ይቅርታ ጌታዬ፣ ከወንበርዎ ሥር ውሃ እየፈሰሰ ነው» አሉ። ምንጣፉ ቢነሣ እውነትም ወለሉ ርሷል። አለቃው ከዚያ ወዲህ ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል ባደረጉ ቁጥር ንግግራቸውን አቋርጠው ወንበራቸውን ያዩ ነበር አሉ።

የኮረብታው ውሃ ከተማ የገባ ዕለት የሆነውንማ አንቺ አታውቂውም፤ ገና አልተወለድሽም ነበር። ሹሙ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ መክፈቻውን አዞሩት። ዝም። ጠብታ የለም። ሹሙ ጎንበስ ብለው አፉን ሲያዩት ቧንቧው አንድ ጊዜ አሳለና ከነዝገቱ ፊታቸው ላይ ተፋው። ሕዝቡ መሳቅም ማልቀስም ፈርቶ ቆመ። ጋሼ መሐረባቸውን አውጥተው ለሹሙ እየሰጡ «ውሃ እንደ ሽማግሌ ነው ክቡርነትዎ፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይናገርም» አሉ። ሹሙ ሳቁ፤ ከተማው ሁሉ ሳቀ። ይህን የነገሩኝ እትዬ ናቸው። እንደሚሉት ከሆነ ጋሼን ለማግባት የቆረጡትም ያን ዕለት ነው።

እኔን ያስተማሩኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ እስከ ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። «ምንም ነገር በድንገት አታስቁም» ይሉኝ ነበር። «ውሃን በድንገት ካስቆምከው ይቆጣል። ቀስ ብለህ፣ እያባበልክ ዝጋው።» ሊፍትም እንደዚያው ነው።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። ካፖርት አውጥቻለሁ። ሌላውን ሌላ ጊዜ።

ወንድምሽ ዳዶ

___

ኅዳር 8 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ካፖርትህስ እንደምን ሰነበተ? ስለ ግድግዳ ጠይቄህ ስለ ካፖርት የመለስክልኝ ሰው ነህና ሰላምታዬ ለሁለታችሁም ነው።

የአለቃውን ወንበር ለእማዬ ሳነብላት ትን እስኪላት ሳቀች። የሹሙን ስደርስ ግን «ያን ዕለት አይደለም የቆረጥኩት፣ በማግሥቱ ነው፤ መሐረቡን ሊያስመልስ ሲሄድ አይቼው» አለች። አስተካክዬዋለሁ። ታሪኩ አሁን ሁለት ገጽ ሆኗል።

ግድግዳውን በተመለከተ ቧንቧ ሠሪ አመጣን። ቀን ስለመጣ ግድግዳው ጭጭ አለ። ሰውየው ጆሮውን ለጠፈ፣ በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ አደረገ፣ ከዚያ «የማን ሥራ ነው?» አለ። የአባዬን ስም ስንነግረው መዶሻውን ወደ ቦርሳው መለሰ። «እሳቸው በሠሩት ቤት ውስጥማ የቧንቧ ጥፋት ሊኖር አይችልም፤ አይጥ ይሆናል» ብሎ ሄደ። አባዬ ራሱ «በእኔ ቤት ውሃ ይፈሳል እንጂ አያወራም» እያለ እንግዳ ሁሉ ፊት ሲኩራራ አልነበር? ማታ ሲሆን ያው ዷ፣ ዷ።

ያሳሰበኝ ግን ጩኸቱ አይደለም። እማዬ ታወራዋለች። ማታ ራቷን በልታ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ግድግዳው ሲጀምር «እንደምን አመሸህ» ትለዋለች። ከዚያ የዋለችበትን ትነግረዋለች፤ ጎረቤት ምን እንዳለ፣ ሽንኩርት ምን ያህል እንደተወደደ። ደስተኛ ናት ዳዶ፣ ችግሩ እሱ ነው። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ብሎን ባለፈው እሑድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። ሲወጣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። «እናታችን ልቧን እየሳተች ነው፤ ብቻዋን ከዚህ ግድግዳ ጋር አልተዋትም» አለኝ። እዚህ የምኖረውን እኔን እንደ ሰው አልቆጠረኝም። እሱ ያለበት ፎቅ ላይ አንድ ክፍል እያስቀባላት ነው። ይህ ቤት ይከራያል ማለት ነው። እማዬ «እምቢ» አላለችም፣ «እሺ»ም አላለችም። ሻንጣዋን ብቻ ታያለች። እሷ ከዚህ ቤት ወጥታ እንዴት እንደምትኖር አላውቅም፤ ግን ብሎን ተሳስቶ እንደሆነም አላውቅም።

የብሎን ቤት ወለል የሚያንሸራትት ሸክላ ነውና ለእማዬ ለስላሳ የቤት ጫማ ላክላት። ስለ ግድግዳው ደግሞ በዚህ ጊዜ መልስልኝ።

እህትህ

___

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለውድ እህቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። አውቃለሁ፣ ይህ ውሃ የማያነሣ ምክንያት ነው፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀድጄዋለሁ።

ለታሪኩ ይህን ጨምሪ። ጋሼ ጡረታ በወጡ ማግሥት ጎረቤቱን ሁሉ እየዞሩ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን ጀመሩ። ገንዘብ አይቀበሉም ነበር፤ ትምህርቱን ግን ማንም አያመልጠውም። የጥግ ቤቷ ሴትዮ «ቧንቧዬ ከሚጠገን ቢያንጠባጥብ ይሻለኛል፤ ኢንጂነሩ አንዴ ከገቡ እስከ ምሳ ስለ ግፊት ያስተምሩኛል» ስትል ሰምቻታለሁ። ቢሆንም ዓመት ሳይሞላ በዚያ ሰፈር ቧንቧ በጡንቻ የሚዘጋ ሰው ጠፋ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋሼ ታመው በተኙበት ጊዜ ግድግዳው ያንኳኳ ነበር? እትዬስ ማታ ማታ ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር?

ብሎንን ትንሽ እንዲታገሥ ለምኚው። ቀለሙ ይድረቅ በይው። ጫማውን ልኬያለሁ።

ዳዶ

___

ጥር 2 ቀን

ዳዶ፣

ሰላምታውን በልብህ ያዘው፤ ዛሬ ተናድጃለሁ።

ቀለሙ ከደረቀ ቆየ። ብሎን በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። ካርቶኖቹን አስቀድሞ ልኳል፤ ሳሎን ውስጥ ተደርድረው እንደ እንግዳ ያዩኛል። እማዬ አንዱን ከፍታ የአባዬን ካፖርት አስገባች፣ መልሳ አወጣችው፣ መልሳ አስገባችው።

ለጥያቄህ መልሴ ይኸውልህ። አባዬ ታሞ ሳለ ግድግዳው አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለም። እማዬ ማታ ማታ ትወጣ ነበር፤ «አየር ልቀበል» ትላለች። እሱ ፊት እንዳታለቅስ ብላ ነው ብዬ አልተከተልኳትም። አባዬም ጤነኛ ሳለ ማታ ማታ «አየር ልቀበል» እያለ ይወጣ አልነበር? ከእሱ የወረሰችው ይመስለኛል።

አንተ የምታውቀው ነገር አለ። ከልጅነትህ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ የምትደብቀው ሲኖርህ ስለ አየር ጠባይ ታወራለህ። እናታችን ከቤቷ ልትወጣ ነው። ሆድ ይፍጀው የምትልበት ጊዜ አይደለም።

ቧንቧ

___

ጥር 11 ቀን

እህቴ ሆይ፣

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

ጋሼ አስምለውኛል። በሃይማኖት አይደለም፣ መፍቻቸውን አስጨብጠው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ማታ ማታ ከታንከሩ ጀርባ እየተደበቅኩ ሲጋራ አጨስ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲያካፋ ጋሼ ዣንጥላ ይዘው ከተፍ አሉ። እኔ ሲጋራውን ወደ ጀርባዬ ደበቅኩ። እሳቸውም መፍቻ ይዘው ኖሮ ወደ ጀርባቸው ደበቁት። ሁለት ሌቦች ተፋጠጥን።

ቀድመው የተሸነፉት እሳቸው ናቸው፤ ግድግዳው ማንኳኳት ሊጀምር ነበርና ጊዜ አልነበራቸውም። ጎንበስ ብለው ከታንከሩ ሥር ያለችውን ቫልቭ በመፍቻው ቀስ አድርገው እስከ ግማሽ ዘጓት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ይህን ቤት ስሠራ ብሎን ሊወለድ ደርሶ ነበርና ቸኮልኩ። ከአልጋችን ራስጌ በግድግዳው ውስጥ የምታልፈውን ቧንቧ በማቀፊያ ሳላስራት ለሰንኩባት። ማታ ውሃው በጉልበት ሲመጣ ታንከሩ ውስጥ ውሃውን የምትዘጋዋ ኳስ ብድግ ቁጭ ትላለች፤ ቧንቧዋም እየዘለለች ግድግዳውን ትመታለች። ማታ በግማሽ ካልዘጋኋት፣ ጠዋት ካልከፈትኳት መላ የለውም። ለማሰር ደግሞ ግድግዳውን ማፍረስ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ያያል።»

«ሰው ቢያይስ?» አልኳቸው።

«ሰውስ ይይ። እትዬህ ግን መሳቅ ከጀመረች አታቆምም።»

የከተማውን ውሃ ሁሉ ጸጥ ያሰኙት ሰው፣ በገዛ አልጋቸው ራስጌ ያለችውን አንዲት ቧንቧ ለማባበል በየማታው ይወጡ ነበር። አየር መቀበሉ ይኸው ነው። «አንተ የእኔን፣ እኔ የአንተን» ብለን ተማማልን። ሲጋራዬን ለማንም አልተናገሩም፤ እኔም እስከ ዛሬ ጠብቄአቸዋለሁ። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ «እሳቸው በሠሩት ቤት ጥፋት ሊኖር አይችልም» በሚልበት ጊዜ እኔ ከሩቅ ሆኜ ጥፋት አለ ማለት ከበደኝ። ፎቷቸው ገና አልተሰቀለም እኮ። ነገር ግን እትዬ በእኔ ዝምታ ከቤታቸው ከሚወጡ የጋሼ ስም ትንሽ ቢነካ ይሻላል።

ስለዚህ ማታ ውሃው ሳይመጣ ውጪና ቫልቯን ቀስ ብለሽ በግማሽ ዝጊያት። ግድግዳው ዝም ይላል። ዝም ካለ እትዬም የሚያወሩት አይኖራቸውም፤ ብሎንም ልቡ ያርፋል።

ዳዶ

___

የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለመሐላ አፍራሹ ወንድሜ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ቁጣዬን መልሼ ወስጃለሁ፤ ካፖርትህንም ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ ተማሪዎቼ ፊት ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ አትበለኝ።

ብሎን ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ማታ ወጥቼ እንዳልከኝ አደረግሁ። ቫልቯ እንደ ብሎን ግትር ናት፤ ያለ መፍቻ አትነቃነቅም። ከጎረቤት መፍቻ ተበድሬ ዘጋኋት። ገብቼ በእማዬ በር ሽንቁር አየሁ። ጠበቀች። ግድግዳው ዝም አለ። «እንደምን አመሸህ» አለች ቀስ ብላ። ዝም። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። አንጀቴን የቆረጠኝ ያ እጇ ነው። የሠራሁት ነገር ትክክል ነው ብዬ ነበር፤ ያን እጅ ሳይ ግን ወንጀለኛ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አላለቀሰችም። ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች፣ ካርቶን ውስጥ ከነበረው የአባዬ ካፖርት ኪስ መፍቻውን አወጣች፣ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። ከታንከሩ ሥር ጎንበስ ብላ ቫልቯን በአንድ ምት ከፈተቻት። ዘወር ስትል እኔን አየችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ታውቂያለሽ?»

«ምኑን?»

«ቫልቯን።»

«ልጄ፣» አለችኝ ጭቃውን ከጫማዋ እያራገፈች፣ «መፍቻ ይዞ አየር የሚቀበል ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከዚህ በላይ አልነገረችኝም። አንተ እንደጻፍክልኝ ስነግራት «ወረቀት አምጪ፣ ለእሱ እኔው ራሴ እጽፍለታለሁ» አለች። እስከ ቅዳሜ ጠብቃ ነው የጻፈችው። ይኸው በዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልህ። አላነበብኩትም ብል አታምነኝም።

ቧንቧ

___

በዚያው ፖስታ

ይድረስ ለልጄ ለዳዶ፣

እንደምን ከርመሃል የእኔ ልጅ? ዕድሜ ይስጥህ፣ እጅህንም ከክፉ ይጠብቅልህ። ጫማው ደርሶኛል፣ ልኬ ነው።

መሐላ አፈረስኩ ብለህ አትጨነቅ። የምስጢሩ ባለቤት እኔ ነበርኩ። ሲጋራህንም አውቅ ነበር፤ ልብስህን የማጥበው እኔ አይደለሁ?

ወደዚህ ቤት የገባን ሰሞን ነው። ማታ ተኝተን ሳለ ግድግዳው ዷ፣ ዷ አለ። ሰውዬዬ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ጎረቤት ይሆናል» አለኝ። በዚያ ወገን ጎረቤት የለም፣ ሜዳ ነው። በማግሥቱ ማታ «አየር ልቀበል» ብሎ ወጣ፤ ግድግዳውም ዝም አለ። ሲመለስ ጫማው ጭቃ፣ ኪሱ ብረት። እኔም «አየሩ እንዴት ነው?» አልኩት። «ጥሩ ነው» አለኝ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ጨርቅ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ያላየኝ ይመስለኛል። ትስቅብኛለች ብሎ መፍራቱ ልክ ነበር።

እንደማውቅ ለምን እንዳልነገርኩት ብትጠይቀኝ፣ ሲመለስ ደስ ይለው ነበር። በጋም ክረምትም፣ ጉንፋን ይዞትም ይወጣል። ሹሞች የሚፈሩት ሰው፣ እኔ እንዳልስቅበት ብሎ ዣንጥላ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር የተደረገላት ሴት ምን ጎደለኝ ብላ ትናገራለች?

ሲታመምና መነሣት ሲያቅተው፣ በመጀመሪያው ማታ ዐይኑ መስኮቱ ላይ ተተከለ። ይቁነጠነጣል። የሚያመው መስሎኝ «ምን ልርዳህ?» አልኩት። «ምንም» አለ፤ መስኮቱን ግን አልለቀቀም። ያኔ ገባኝ። ከካፖርቱ መፍቻውን አወጣሁና «አየር ልቀበል» ብዬ ወጣሁ። እሱ እንደሚያደርገው ቀስ ብዬ፣ እያባበልኩ ዘጋኋት። ስመለስ ግድግዳውን እያዳመጠ ነበር፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። ዝም አለ ግድግዳው። ሰውዬዬ ዞሮ አየኝ፤ ጫማዬን አየ። ከዚያ «አየሩ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት። «ትንሽ እርጥበት አለው።»

እጄን ይዞ ተኛ። እስኪሞት ድረስ በየማታው እንዲሁ ሆነ፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተነጋገርንበትም።

ከሞተ በኋላም ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ መዝጋቴን አልተውኩም፤ ለቀስተኛ ፊት አላጋልጠውም። ክረምቱ አልፎ የመጨረሻው እንግዳ ሲሄድ ግን ተውኳት። ሰው ሁሉ ስለ ትልልቅ ሥራው ያወራልኛል፤ እኔ ደግሞ ያችን አንዲት ጥፋቱን መስማት አማረኝ። ግድግዳውን «እንደምን አመሸህ» የምለው ልቤን ስቼ አይደለም። ቧንቧ መሆኗን ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ቅዳሜ ሲመሽ ብሎን ሾፌር ይዞ መጣ። አልጋዬ ላይ አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኩት። አላመነኝም፤ ከንፈሩን ነክሶ ጫማውን ያያል። እኔም አልተከራከርኩትም። የአባቱን መፍቻ ሰጥቼው «ወጥተህ ከታንከሩ ሥር ያለችውን በግማሽ ዝጋና ተመለስ፤ በዝግታ» አልኩት። በዚያ በሚያብለጨልጭ ጫማው ወጣ። ግድግዳው እያንኳኳ ሳለ ቀስ በቀስ ላላ፣ ከዚያ ዝም አለ። ልጄ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጭቃ ተለውሶ በሩ ላይ ቆመ።

«አየሩ እንዴት ነው?» አልኩት።

ግድግዳውን አየ፣ መፍቻውን አየ። «ጥሩ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ቁርጥ የአባቱ ነው። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም፤ ሰው ሲቀበል ውሎ ጊዜ አላገኘም ነበር። ሾፌሩ ካርቶኖቹን ባዶአቸውን ይዞ ተመለሰ። ያ የተቀባው ክፍል ምን እንደሚሆን እሱ ያውቃል።

አሁን ብሎን ከሥራ ሲመለስ በዚህ በኩል እያለፈ አየር ይቀበላል። ባልመጣ ማታ ደግሞ ግድግዳው ያወራል፣ እኔም አወራለሁ። ሁለቱም ይመቸኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የቤት ጫማው ለፎቅ ነበር፤ እኔ ግን የትም አልሄድም። ከታንከሩ ሥር ጭቃው ያስቸግራልና የጎማ ቦት ላክልኝ። ለብሎንም ጨምር፤ እግሩ እንደ አባቱ ነው።

የአዳራሹን ጽሑፍ ቧንቧ አነበበችልኝ። የአለቃው ወንበርም፣ የሹሙ ልብስም እንዳሉ ይቆዩ፤ ይነበቡ፣ ሰው ይሳቅ። ግድግዳዋን ግን አትጻፉ። ኮረብታውም፣ ማጠራቀሚያውም፣ ከተማው ሁሉ የሚጠጣው ውሃም የሕዝብ ነው፤ ይነገርለት። እሷ የእኔ ድርሻ ናት።

እትዬህ